በእንግሊዝኛ የተሰየመ ቅሬ

የልጅ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ከክፍሏ ልጆች በሁለት ዓመት ትበልጥ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ሲከፈት ደግሞ አባቷ አልጋ ላይ ወድቆ ስለ ነበር አስታማሚው እሷ ሆነች። አባቷ ካረፈ በኋላ እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ ሥራ ፍለጋ ዓረብ አገር ሄደች። ልጅቱ ልብሷን በፌስታል ይዛ ከሐራ ወደ መርሳ እኔ ዘንድ መጣች።

ብዙ አታወራም። እኔም ብዙ አላወራም። ስለዚህ ተስማምተን ነው የምንኖረው።

ክፍል ውስጥ «እትዬ» ይሏታል። ስትገባ «እትዬ መጡ፣ ተነሡ!» ይባላል፤ ከዚያ ይሳቃል። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ጎረቤት ናት።

በግንቦት መጀመሪያ ልጄ ደወለች።

«እማዬ፣ እንግሊዝኛዋ እንዴት ሆነ?»

«እያጠናች ነው።»

«በመጀመሪያው መንፈቅ ወድቃለች አይደል?»

«ወድቃለች።»

«እንግዲህ ዘንድሮ ካላለፈች ይብቃት። እዚህ ሠራተኛ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ዕድሜዋ እንደ ምንም ይስተካከላል። እኔ ብቻዬን ከምንገላታ አጠገቤ ትሁን።»

ዕድሜ እንዴት እንደሚስተካከል አውቃለሁ። በምስል ስትደውል እጇን ከስልኩ እንደምታሸሽም አይቻለሁ፤ በረኪና የበላው እጅ ነው። አልተከራከርኳትም። «እሺ» አልኩና ስልኩን ዘግቼ ምስር መልቀሜን ቀጠልኩ። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ደብተሯን አንሥታ ወደ ጓሮ ወጣች።

ከሁለት ቀን በኋላ የእንግሊዝኛ መምህሯ አስጠራኝ። ከወልድያ በሚኒባስ እየተመላለሰ የሚያስተምር ወጣት ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«እናቴ፣ ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም። ትጽፋለች። አፏን ግን አትከፍትም። ስጠይቃት ትነሣለች፣ መሬት መሬቱን ታያለች፣ ትቀመጣለች።»

«በአማርኛም እንዲሁ ናት» አልኩት።

ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱን ኮስተር አደረገ። የዘንድሮውን ክለሳ በጥያቄና መልስ እንደማያደርገው ነገረኝ። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው የዓመቱን ትምህርት በሙሉ በአንድ ሥራ ውስጥ ከትተው ያሳያሉ፤ ድራማ ይሁን፣ ዜና ይሁን፣ እንደ ፈለጉ። ሁለት ሕግ ብቻ አለው። ሥራው ከስልክ የተገለበጠ ሳይሆን ከገዛ ሰፈራቸው የተገኘ መሆን አለበት። መድረክ ላይ አማርኛ የተናገረ ደግሞ የቡድኑን ነጥብ ያስቀንሳል።

«እዚያ ላይ ከተናገረች ታልፋለች» አለኝ። «ዝም ካለች ግን እኔም ምንም ላደርግላት አልችልም።»

ቡድናቸው አምስት ሴት ልጆች ናቸው። የእኔ ግቢ ማንጎ ጥላ ስላለውና የሚያስቸግር ሕፃን ስለሌለ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። እኔ ደጃፉ ላይ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማቸዋለሁ።

«ገበያ እንሥራ።»

«ገበያን ሦስት ቡድን ወስዶታል።»

«ሆስፒታልስ?»

«አንቺ ዶክተር፣ እኔ በሽተኛ? ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ እሱኑ አይደለም እንዴ የምንሠራው?»

«ሠርግ!»

«ማን ሙሽራ ሊሆን?»

«እትዬ ናታ! ደርሶባታል!»

ተንከተከቱ። የልጅ ልጄ የደብተሯን ጠርዝ በጥፍሯ እየላጠች ነበር። ቀና ሳትል «ቅሬ» አለች።

«ቅሬ ምን?»

«ቅሬ እንሥራ። የቀረ ሰው ያለፈውን ይናገራል። ዳኛው ወደፊት የሚሆነውን ይናገራል። ዳግመኛ ብትቀሪ እንዲህ ትቀጫለሽ ይባላል። ትምህርቱ ሁሉ አለበት።»

በዚያ ሳምንት ከአፏ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንላለን። የእኛ ቅሬ የክርስቲያኑም የእስላሙም ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ወንዱ ይቆፍራል፣ ሴቱ ለሐዘንተኛው ቤት ያበስላል። በወር አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ ካለው ሾላ ሥር ተሰብስበን ስም ይጠራል፤ የቀረ፣ የዘገየ፣ እርጥብ እንጨት ያመጣ ይጠየቃል። ቅጣቱ እንጨት ነው፤ እሱም ለሚቀጥለው ሐዘን ቤት ማገዶ ይሆናል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ወልድያ ጨርሼ በግብርና መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝና የሴቶቹ ጸሐፊ አድርገውኛል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግራ ዓይኔ ሞራ ስለለበሰ መዝገቡን የምታነብልኝ የልጅ ልጄ ናት። በየወሩ ከጎኔ ቆማ ስም ትጠራለች። ሰው ፊት የምትናገረው ያንን ብቻ ነበር፤ የሌላ ሰው ስም።

ልጆቹ ሐሳቡን ወደዱት። እናቶቻቸው ግን አልወደዱትም። የአንዷ እናት በማግስቱ ነጠላዋን እንኳ በደንብ ሳትለብስ መጣች።

«እትዬ፣ ይኼ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው? በቁሙ ያለን ሰው ሞተ ብለው ሊያስለፍፉ? ሟርት አይደለም እንዴ?»

እውነቷን ነው። በጨዋታ እንኳ ቢሆን ለማን ጡሩምባ ይነፋል? የማንንም ስም አንሥቶ ሞተ ማለት አይቻልም። ልጆቹ ሥራውን ሊተዉት ምንም አልቀራቸው። መላውን ያገኘችው ያችው የእኔዋ ናት። «መንገደኛ ይሁን» አለች። ቅሬ ዘመድ የሌለው መንገደኛ በመንገድ ቢሞትም አንሥቶ ይቀብራል፤ ስሙን ማወቅ ግድ አይደለም። እናቲቱ ጥቂት አሰበች። «መንገደኛስ ምንም አይደል» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ጻፉ። ቅሬ ምን እንደሚመስል ለማወቅ መዝገቤን ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። ገጽ እያገላበጡ ጥፋቱን ከነቅጣቱ ወደ እንግሊዝኛ አዞሩት። እኔ ወጣት ሆኜ በህንዳዊ መምህር ነው እንግሊዝኛ የተማርኩት፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ስተይብበት እንጂ ስናገርበት አልኖርኩም። ያም ሆኖ አንድ ሁለት ቦታ አርሜላቸዋለሁ። አንዷ ለዘገየችው ሴት የጻፈችው ምክንያት «አህያዬ ራስ ምታት ይዟት ነበር» የሚል ነው። ይህን ተዉት አልኩ። አልተዉትም።

የድራማው ክፍል ሲደለደል ዳኛ የሆነችው የሆቴል ቤቱ ልጅ ናት። እንግሊዝኛዋ እንደ ቴሌቪዥን ይፈስሳል። አንዷ ጡሩምባ ነፊ፣ አንዷ ጸሐፊ፣ አንዷ ዘግይታ የመጣችው ሆኑ።

«ከቀብር የቀረችው እትዬ ትሁን» አለች ዳኛዋ። «ጥፋተኛ ብዙ አያወራም። 'አዎ፣ አጥፍቻለሁ' ብትል በቃ።»

ለልጅ ልጄ የደረሳት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። መምህሩ ያለኝ ትዝ አለኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው ወይስ ዝምታ? ልናገር አሰብኩና ተውኩት። እሷም «እሺ» ብላ ጻፈችው።

ቅሬው የሁሉ ነውና ሳይጠየቅ አይሠራበትም፤ ስለዚህ ልጆቹን ይዤ ወደ ቅሬው ዳኛ ሄድኩ። ሐጂ ናቸው፤ ከመንገዱ ዳር ትንሽ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ በዕድሜ ከእኔም ይበልጣሉ።

«እትዬ፣ ቅሬውን በፈረንጅ አፍ ሊያደርጉት ነው አሉኝ?»

«ለትምህርት ነው ሐጂ።»

«ዳኛው ማን ነው?»

የሆቴል ቤቱ ልጅ እጇን አወጣች።

«አንቺ? አልሐምዱሊላህ፤ እኔም ማረፌ ነው!» ሳቁና መልሰው ጠየቋት፤ «ጡሩምባውንስ?»

ሌላዋ እጇን አወጣች።

«ሴት ልጅ? ወላሂ ይኼንንስ መጥቼ ካላየሁ! መቼ ነው?»

ለወጉ ያሉት መስሎኝ ቀኑን ነገርኳቸው።

በዕለቱ አዳራሹ ከተማሪው በፊት በሽማግሌ ተሞልቶ አገኘሁት። ሐጂ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ የቅሬው ቄስ ከጎናቸው፣ ሌሎችም አሥር ያህል። ሴቶቹም መጥተዋል። ማንም ሳያስቀምጣቸው ልክ እንደ ሾላው ሥር ወንዶቹ በቀኝ ሴቶቹ በግራ ተቀምጠዋል። ርዕሰ መምህሩ ያን ዕለት ከወልድያ የመጡ አንዲት ሱፐርቫይዘር ነበሩባቸውና የት እንደሚያስቀምጧቸው ጠፍቷቸው ሲዞሩ፣ ሐጂ «ግቡ እንጂ ልጄ፣ እዚህ ቦታ አለ» ብለው ሴቶቹ መሃል አስቀመጧቸው።

መጀመሪያ ሌሎቹ ቡድኖች አቀረቡ። አንዱ የሚኒባስ ረዳት ሆኖ ከወልድያ ደሴ ሰው በእንግሊዝኛ ሲጠራ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ የአየር ጠባይ አነበበ፤ ሲሪንቃ ላይ በረዶ አዘነበ። ከዚያ የእኛዎቹ ወጡ።

ጡሩምባ ነፊዋ ከፕላስቲክ ቱቦ የሠራችውን ጡሩምባ ነፋች። አዋጁን በእንግሊዝኛ ለፈፈች። ሽማግሌዎቹ ቃሉን አያውቁትም፤ ዜማውን ግን ያውቁታል። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ቄሱ ቆባቸውን አስተካከሉ። የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ ይህን ስመለከት ነገሩ ለእነሱ ጨዋታ እንዳልሆነ መጠርጠር ጀመርኩ።

ስም ተጠራ። ልጆቹ በልማድ «ፕሬዘንት ቲቸር!» እያሉ ለቅሬው ዳኛ ሲመልሱ ተማሪው ሳቀ። ባለ አህያዋ ቀረበች፤ ራስ ምታቱን አስረዳች፤ አንድ ሸክም ተፈረደባት። ከዚያ የልጅ ልጄ ተጠራች። ተነሣች። እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

ዳኛዋ በእንግሊዝኛ «ከመንገደኛው ቀብር ቀርተሻል። ጥፋተኛ ነሽ?» አለቻት።

«አዎ፣ አጥፍቻለሁ።»

«ሁለት ሸክም እንጨት ታመጫለሽ። ተቀመጪ።»

እዚህ ላይ ያበቃል። አምስቱም ተሰልፈው እጅ ሊነሡ ነበር። ሐጂ ብድግ አሉ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ! እንዲህ አይፈረድም ልጄ!»

ወደ መድረኩ ሁለት እርምጃ ተራመዱ።

«ቋንቋውን ባላውቀው ነገሩን አውቀዋለሁ። ይኼች ልጅ ተነሣች፣ አመነች፣ ተቀጣች። የጠየቃት አለ? የማለደላት አለ? ዋስ አለ? እንዲህ ያለ ቅሬ የት አገር ነው ያለው?»

«እውነት ነው!» አሉ ቄሱ። «ሰው ምን ገጠመህ ሳይባል ይቀጣል እንዴ?»

ያን ጊዜ ስሕተቱ የማን እንደ ሆነ ገባኝ። የእኔ ነው። በቅሬያችን ያመነ ሰው ከመቀጣቱ በፊት ምን እንደ ገጠመው ይጠየቃል፤ ሌላው ተነሥቶ ይማልድለታል፤ ብዙ ጊዜም ቅጣቱ እዚያው ይቀልለታል። ይህ ሁሉ በአፍ የሚያልቅ ነገር ነው። እኔ መዝገብ ላይ የማሰፍረው ጥፋቱንና ቅጣቱን ብቻ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ልማድ ነው፣ አጭር አድርጎ መጻፍ። ልጆቹ ቅሬን ከመዝገቤ ተማሩ፤ ምልጃ የሌለበት ቅሬ ሠሩ።

ሁሉም ወደ ዳኛዋ አየ። የሆቴል ቤቱ ልጅ አፏን ከፈተች፤ የሚወጣ ነገር አልነበረም። ለዚህ የተጠና መልስ የላትም። በአማርኛ እንዳትመልስ ነጥብ ይቀነሳል። ዓይኗ እንባ ሞላ። መምህሩ ሊያስቆመው ከወንበሩ ተነሣ።

የልጅ ልጄ ያን ጊዜ ወደ እሱ ዞረች። በእንግሊዝኛ «መምህር፣ ለአባቶቼ ላስተረጉምላቸው እችላለሁ?» አለችው።

ድምጿ እኔ ካለሁበት ከኋላ ይሰማል። መምህሩ እንደ ቆመ ቀረ። ከዚያ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ወደ ዳኛዋ ዞራ ሐጂ ያሉትን በእንግሊዝኛ አስረዳች። ቀስ እያለች ነው፤ ቃል ስታጣ በሌላ ቃል ትዞረዋለች። ምልጃ የሚለውን «ስለ ሌላው ሰው መለመን» አለችው። ዋስን «እኔ አለሁ የሚል ሰው» አለችው። ከወልድያ የመጡት ሱፐርቫይዘር እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ጠይቂልኝ» አሉ ሐጂ፤ «ይኼች የቀረችው ሴት ለምን ቀረች?»

«አባባ ሐጂ፣ የቀረሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ራስሽን ጠይቂያ!»

ሳቅ ሆነ። በሳቁ መሃል ዳኛዋ እንባዋን ጠረገችና በእንግሊዝኛ «ለምን ቀረሽ?» አለቻት።

ጽሑፉ ላይ ምክንያት አልተጻፈም። የልጅ ልጄ መሬት መሬቱን አየች። መምህሩ የነገረኝ ይኸው ነው፤ ትነሣለች፣ መሬት ታያለች፣ ትቀመጣለች። ተቀመጠች ስል ቀና አለች።

«በኅዳር» አለች በእንግሊዝኛ፣ «አያቴን ወባ ያዛት። መቆም አልቻለችም። ጨርቅ አርሼ ግንባሯ ላይ አደርግ ነበር። ጡሩምባ ተነፋ። 'ሂጂ፣ ከቤታችን ሰው እንዳይጠፋ' አለችኝ። እኔ አልሄድኩም። ብሄድ ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ። በስብሰባው ቀን መዝገቡን ያነበብኩት እኔ ነኝ። የቤታችንን ስም ጠራሁ፤ ከጎኑ ቀረ ተብሎ ተጽፏል። የጻፈችው እሷ ናት። መታመሟን ለማንም አልተናገረችም። እንጨቱን ተሸክሜ ወሰድኩ።»

እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተረዱት መምህራኑ፣ ሱፐርቫይዘሯና ጥቂት ተማሪዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ።

«ምን አለች?» አሉ ቄሱ።

ልጅቱ ሴቶቹ ወደ ተቀመጡበት ዞረች።

«ተርጉሚው እንጂ! አብሽሪ!» አሉ ሐጂ።

ዓይኗን ወደ እኔ አደረገች። ለማስተርጎም የእኔን ፈቃድ መጠየቋ ነው። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ነገሩ ለማያውቀው ሰው ትንሽ ነው። እኔ ግን መታመሜን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ጸሐፊ ነኝና የራሴን ቤት ብምር ሌላው ምን ይለኛል ብዬም ነበር። አገጬን ዝቅ አደረግሁላት።

በአማርኛ ነገረቻቸው። ስትጨርስ ሴቶቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

«እትዬ! እውነት ነው?»

«ያለፈ ነገር ነው።»

«ምን ያለፈ ነገር! ኧረ ጉድ ነው! እኔ ራሴ እንጨቱን ተሸክማ አግኝቻታለሁ። 'ምነው ቀራችሁ' ስላት 'እንዲሁ' አለችኝ። እንዲሁ!»

«ሁለቱም አንድ ናቸው እኮ፤ ብትገድያቸው አይናገሩ!»

ሐጂ ጋቢያቸውን በትከሻቸው አጠፉና መሃል መጡ። «ዳኛችን» አሉ ለሆቴል ቤቱ ልጅ፣ በሙሉ ክብር። «ይኼች ልጅ በሽተኛ ትታ ብትመጣ ነበር የምንቀጣት። ዋሷ እኔ ነኝ። ማሪልኝ። ጥፋተኛ ከተፈለገ ግን ጥፋተኛዋ ጸሐፊያችን ናቸው፤ ታመው ደብቀውናል። ቅሬ የሞተ መቅበሪያ ብቻ ነው ያለ ማን ነው?»

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ አዞረችው። አሁን አትንተባተብም። እጇ ከኋላዋ ወጥቶ አብሯት ይናገራል። ዳኛዋም ነፍስ ዘራች፤ ወደ ጉባኤው ዞራ በእንግሊዝኛ «ትምሯታላችሁ?» አለች፤ የልጅ ልጄ አስተረጎመች፤ «ምረናታል!» የሚለው ድምፅ ተማሪውንም ጨምሮ ጣራውን አናጋው።

ከዚያ ዳኛዋ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። በእንግሊዝኛ ነው የጠየቀችኝ። «ጸሐፊዋ ይነሡ። ጥፋተኛ ነዎት?»

ተነሣሁ። ብዙ ዘመን ሆኖኛል በዚያ ቋንቋ አፌን ከፍቼ አላውቅም። የህንዳዊው መምህራችን ዱላ ትዝ አለኝ። በእንግሊዝኛ «አዎ፣ ጥፋተኛ ነኝ። ታምሜ ነበር፤ አልተናገርኩም» አልኩ።

ተማሪዎቹ ጮኹ። «እማማ እንግሊዝኛ ይችላሉ! ስማ፣ ይችላሉ!» አንዱ ዴስክ ላይ ወጣ። ርዕሰ መምህሩ ሊያስወርዱት ሄደው እሳቸውም ሲስቁ ተመለሱ።

ዳኛዋ ከሐጂና ከቄሱ ጋር በአስተርጓሚዋ በኩል ተመካከረች። ፍርዱ ይህ ሆነ፦ ጸሐፊዋ በበሽታቸው ጊዜ ስላልተጠየቁ ቅሬው በመጪው እሑድ ሄዶ ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸውም ደጃቸውን ከፍተው ይቀበላሉ። እምቢ ካሉ ሦስት ሸክም ያመጣሉ። በቅሬያችን ለዳነ በሽተኛ ጥየቃ ሲፈረድ የመጀመሪያው ነው።

ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት ሱፐርቫይዘሯም አብረው እልል ይሉ ነበር። መሃላቸው ተቀምጠው ሌላ ምን ያድርጉ!

ሰው ሲበተን ሱፐርቫይዘሯ የልጅ ልጄን ጠርተው በእንግሊዝኛ ማስተርጎም የት እንደ ተማረች ጠየቋት። «ለአያቴ አነብላታለሁ» ብላ መለሰች። ሌላ ነገር ሊጠይቋት ሲሉ የክፍሏ ልጆች ከበቧት። የሆቴል ቤቱ ልጅ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ «እኔ እኮ ሞቼ ነበር! በምን ቃል ልመልስላቸው ነበር!» ትላታለች።

መምህሩ ወደ እኔ መጣ።

«ባጠኑት ክፍል ደህና ሠርተዋል» አለኝ። «ሙሉውን ነጥብ የሰጠሁት ግን ከዚያ በኋላ ላለው ነው።»

«አማርኛ ተናግራለች እኮ» አልኩት።

«አስፈቅዳ ነው። ያውም በእንግሊዝኛ።»

እሑድ ቅሬው በሙሉ መጣ። ማንጎ፣ ብርቱካን፣ ዳቦ፣ በጠርሙስ ወተት። ደህና ሆኜ ቁጭ ብዬ «እግዜር ይማርዎ» እና «አላህ ያሽርዎ» ስባል ዋልኩ። ሐጂ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ «ተኝተው ይጠብቁናል ብዬ ነበር፤ ቢያንስ ሻሽ አይታሠርም?» አሉኝ። ፍርድ ነውና ሁሉንም ተቀበልኩ። ልጅቱ ወዲያ ወዲህ እያለች ታስተናግዳለች፤ ሰው ያወራታል፣ ታወራለች።

ክፍሉን አለፈች። በሰኔ ሚኒስትሪውን ተፈተነች። ውጤቱ የተለቀቀ ቀን ጓሮ ልብስ አሰጣ ነበር። ስልኩን ይዛ ሮጣ መጣችና አንድ ጊዜ ብቻ «እማዬ!» አለች። የእንግሊዝኛው ውጤት ከሌሎቹ ትምህርቶቿ ሁሉ በልጦ ነበር። እጄ እርጥብ ነው፤ እንደ እርጥቡ ጭንቅላቷን ይዤ ግንባሯን ሳምኳት። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ አድርጌ አላውቅም ነበር።

ማታ ልጄ ትደውላለች ብዬ ሳልጠብቅ እኔው ደወልኩ።

«እማዬ፣ ምን ሆናችሁ? በደህና ነው?»

«በደህና ነው። አልፋለች።»

«እንግሊዝኛውንም?»

«ራሷ ትንገርሽ።» ስልኩን ሰጠኋት።

ነገረቻት። ነጥቡን ከነገረቻት በኋላ ስለ ቅሬው፣ ስለ ሐጂ፣ ስለ እኔ ፍርድ ማውራት ጀመረች፤ እኔ ወባ ይዞኝ እንደ ነበር እናቷ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ከስልኩ ውስጥ ጩኸት ሰማሁ፤ መጀመሪያ ቁጣ፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ለቅሶ የሚመስል ነገር። የልጄን ሳቅ ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። ስለ ፓስፖርት፣ ወደ እናቷ ስለ መሄድ የተነሣ ነገር አልነበረም። እንዲነሣ ጠብቄ ነበር፤ መልስም አዘጋጅቼ ነበር፤ ያን ጊዜ «እሺ» አልልም ነበር።

መጨረሻ ላይ ልጄ «እማዬን ስጪኝ» አለች፤ ተቀበልኩ።

«እማዬ፣ ዘጠነኛ ክፍል ስንት ደብተር ይፈልጋል?»

አላውቅም ነበርና ወደ ልጅቱ ዞሬ ጠየቅኳት። ስልኩን ከእጄ ነጥቃ በስም በስሙ ትቆጥርላት ጀመር።